የእንቁላል ሰላጣ በማዮኔዝ፦ ለእናቴ ይጠቅማታል ወይስ እየጎዳኋት ነው?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፤ እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ከጎንደር መጥታ ሜሪላንድ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ጥርሶቿ ብዙዎቹ ወልቀዋል። ጥብስ ማኘክ አትችልም። ዶሮ ወጥ ሲቀርብላት እንኳ ሥጋውን ትታ እንቁላሉን ነው የምትበላው። ክብደቷም ቀንሷል፣ አሁን 46 ኪሎ ናት። የምግብ ፍላጎቷ ሲዘጋ የሚከፍትላት አንድ ነገር አግኝቻለሁ፣ እሱም የእንቁላል ሰላጣ ነው። እንቁላሉን ቀቅዬ በሹካ እደፈጥጠዋለሁ፣ ቀይ ሽንኩርት አድቅቄ እከትፍበታለሁ፣ ትንሽ ሰናፍጭ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከዚያ ማዮኔዝ። ለስላሳ ዳቦ ላይ አድርጌ ስሰጣት ሳልለምናት ትጨርሰዋለች። ምግብ እምቢ የሚል ትልቅ ሰው ቤቱ ያለ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

እኔ የሌሊት ፈረቃ ስለምሠራ ያንኑ በምሳ ዕቃ ይዤ እሄዳለሁ። እሑድ ማታ 12 እንቁላል ቀቅዬ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን አዘጋጃለሁ። ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ለሁለታችን ይሆናል፤ የተረፈ ካለ ቅዳሜ እንጨርሰዋለን። ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን። ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ምሳ ዕቃዬን አየችና፣ እንቁላል በማዮኔዝ ማለት ኮሌስትሮል በኮሌስትሮል ላይ እንደሆነ፣ እናቴንም በገዛ እጄ እየጎዳኋት እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላጣውን ሳዘጋጅ እጄ ይከብደኛል። ይህ ምግብ ምን አለው? ልተወው?

(ከታች ያለው በኋላ የጨመርኩት ነው። መልሶቹ ስለበዙ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው በቅደም ተከተል በራሴ ቃል አስቀምጫቸዋለሁ።)

1ኛው መልስ አጭር ነበር። አንዲት እናት ከአትላንታ መርቀውኝ፣ እናቴ እስከበላች ድረስ እንዳልጨነቅ መከሩኝ። ምርቃቱ ደስ አለኝ፤ ጥያቄዬ ግን እንዳለ ቀረ።

2ኛው አባቱ የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስዱ ሰው ነው። አስኳሉን ሁሉ እንድጥልና ነጩን ብቻ እንድሰጣት ጻፈ። እነሱ ቤት እንደዚያ ማድረግ ከጀመሩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል።

3ኛዋ በጨዋ ቋንቋ አረመችው። አንድ ትልቅ እንቁላል 72 ካሎሪ ገደማና 6 ግራም ፕሮቲን አለው። ሰው ፕሮቲኑ ሁሉ ነጩ ውስጥ ያለ ይመስለዋል፤ ከፕሮቲኑ 40 በመቶ የሚሆነው ግን ያለው አስኳሉ ውስጥ ነው። ቫይታሚን ኤ እና ዲ፣ ኮሊን የሚባለው ለአንጎልና ለጉበት የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር፣ ለዓይን የሚጠቅሙት ሉቲንና ዚያዛንቲን፣ እነዚህም ያሉት አስኳሉ ላይ ነው። ትንሽ ብቻ ለምትበላ ሴት አስኳሉን መጣል ማለት ከምግቡ ዋናውን ክፍል መጣል እንደሆነ አስረዳች። 4ኛው መልስ የዚያው የ2ኛው ሰው ነበር። አመሰገናት፣ ግን ለአባቱ ሐኪማቸው ያዘዘውን እንደማይለውጥ ጻፈ። ልክ ነው። የሐኪም ትእዛዝ ያለበት ቤት ጉዳዩ ሌላ ነው።

5ኛው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ ማዮኔዙ ስንት ማንኪያ ነው? 6ኛው መልስ የእኔ ነው። በዓይኔ እየገመትኩ ነበር የምጨምረው። ያን ቀን ግን እንደወትሮው ሳህኑ ላይ ሳይሆን መለኪያ ኩባያ ላይ ገለበጥኩት። ሞላው። አንድ ሙሉ ኩባያ፣ ማለትም 16 የሾርባ ማንኪያ።

7ኛው ቨርጂኒያ ውስጥ በሆቴል ወጥ ቤት የሚሠራ ሰው ነው፤ ክሩን፣ ማለት ይህን ውይይት፣ ያቃናው እሱ ነው። ሒሳቡን አንድ በአንድ አስቀመጠው። ማዮኔዝ ዘይት፣ አስኳል፣ አቼቶ ወይም ሎሚ ነው። አሜሪካ ውስጥ ማዮኔዝ ተብሎ ለመሸጥ ከክብደቱ ቢያንስ 65 በመቶ የአትክልት ዘይት መሆን አለበት። አንድ የሾርባ ማንኪያ 95 ካሎሪ ገደማ ሲኖረው፣ ቅባቱ 10 ግራም ነው፣ ፕሮቲኑ ከምንም አይቆጠርም። እንግዲህ 12ቱ እንቁላል በአንድ ላይ 860 ካሎሪ ገደማ ነው። ኩባያው ማዮኔዝ 1,500 ነው። ስሙ የእንቁላል ሰላጣ ይባላል እንጂ ከካሎሪው አብዛኛው የመጣው ከጠርሙሱ ነው። ለስድስት ሲካፈል ለአንድ ሰው 395 ካሎሪ ይደርሳል፤ ከእንቁላሉ 145፣ ከማዮኔዙ 250። ሁለት ቁራጭ ዳቦ ሲጨመርበት ከ500 ያልፋል። በዚያ ላይ የባልደረባዬን አባባል አፈረሰው። አንድ እንቁላል 186 ሚሊግራም ገደማ ኮሌስትሮል አለው፤ አንድ ማንኪያ ማዮኔዝ 6 ሚሊግራም እንኳ ቢኖረው ነው። ማዮኔዝ የሚያመጣው ካሎሪ ነው፣ ኮሌስትሮሉ ኢምንት ነው። የእሱ ምክር ማዮኔዙን ወደ አራት ማንኪያ አውርጄ የቀረውን በእርጎ እንድተካው ነበር። ውኃው የተጣራ ወፍራም እርጎ አንድ ማንኪያው 20 ካሎሪ አይሞላም።

እኔ ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። 8ኛዋ መጣች። አረጋውያንን በየቤታቸው የምትንከባከብ ሴት ናት፣ 15 ዓመት ሠርታበታለች። የወጥ ቤቱን ሰው ሒሳብ አልነካችም። ግን ሒሳቡን ለማን እንደሚሠራ ጠየቀችው። 46 ኪሎ የሆነች፣ ክብደቷ እየቀነሰ ያለ፣ ማኘክ የማትችል የ74 ዓመት ሴት ካሎሪ ይቀነስላት ይባላል ወይ? እንዲህ ላለ ሰው በትንሽ ምግብ ውስጥ ብዙ ኃይል መኖሩ ጥቅም ነው። ማዮኔዙ ደረቁን አስኳል ያለሰልሰዋል፣ ሳያንቃት እንድትውጥ ይረዳታል። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ ስለሚሟሽሽ፣ ለትልልቅ ሰዎች በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን የሚመክሩ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው፣ ኩላሊታቸው ደህና እስከሆነ ድረስ። ለእናቴ ይህ ከ46 እስከ 55 ግራም ነው፤ ሁለት እንቁላል 12 ግራም ይሰጣታል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ሌሊት እየሠራሁ ክብደቴ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ፈረቃውን ከጀመርኩ ወዲህ ሰባት ኪሎ ጨምሬያለሁ። ከአንድ ሳህን የምንበላ ሁለት ሰዎች ነን፣ የሚያስፈልገን ግን ተቃራኒ ነው። ይህን ራሴ አስቤው አላውቅም ነበር፤ እስከ ዛሬ ሳህኑን እንጂ በላተኞቹን አላየሁም።

9ኛው ላይ ነገሩ ከረረ። አንድ ሰው የማዮኔዙ ዘይት ከአኩሪ አተር የተጨመቀ ስለሆነ መርዝ ነው ብሎ ደመደመ፤ በንጥር ቅቤ እንድተካው አዘዘኝ። አዎ፣ አዘዘኝ ነው የሚባለው። 10ኛዋ ዝም አላለችውም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝ የሚረጋው ዓይነት ቅባቱ 1.5 ግራም ገደማ ነው፣ ያው መጠን ቅቤ ግን 7 ግራም አለው። ለልብ የሚያሳስበው የሚረጋው ቅባት ሆኖ ሳለ ሰውን ወደ ቅቤ መግፋት አላዋቂነት ነው አለችው። በወይራ ዘይት የተሠራ ተብሎ የሚሸጠውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ዋናው ዘይቱ ሌላ መሆኑን፣ ከጠርሙሱ ጀርባ ያለውን ማንበብ እንደሚበጅ ጨመረች። 11ኛው መልስ የዚያው ሰውዬ ነው፤ አያቱ 90 ዓመት በቅቤ እንደኖሩ ጠቅሶ፣ ተቃዋሚዎቹ ሁሉ በፋብሪካዎች የተገዙ ናቸው አለ። ያሳዝናል። በ12ኛው አንድ አስታራቂ ገባ። ቅቤውን ሽሮው ላይ፣ ማዮኔዙን እንቁላሉ ላይ ትተን ወደ እናቴ ጉዳይ እንድንመለስ ለመነ።

13ኛዋ ነርስ ናት። ይህን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ነገረችን። በ1968 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የልብ ማኅበር በቀን ከ300 ሚሊግራም በታች ኮሌስትሮል፣ በሳምንትም ከሦስት የማይበልጥ አስኳል ብሎ መከረ። ያ ቁጥር ትውልድ ተሻገረ። ለ2015–2020 የወጣው የአሜሪካ መንግሥት የአመጋገብ መመሪያ ግን የ300 ሚሊግራሙን ገደብ አስቀረው፤ ከምግብ የሚገባው ኮሌስትሮል ከሚረጋው ቅባት ጋር ሲነጻጸር የደም ኮሌስትሮልን የሚለውጠው ባነሰ መጠን ነው። በ2019 ያው የልብ ማኅበር ለጤነኛ ሰው በቀን አንድ እንቁላል፣ የደም ኮሌስትሮላቸው ደህና ለሆነ ትልልቅ ሰዎች ደግሞ እስከ ሁለት ቢበሉ እንደሚስማማ ጻፈ፣ የቀረው አመጋገባቸው ለልብ የሚመች እስከሆነ። ከዚያ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አከለች። ስኳር ያለበት ሰው፣ ወይም ኮሌስትሮሉ በዘር ከፍ የሚል ሰው ይህን ለራሱ እንዳይወስድ፣ ሐኪሙን እንዲጠይቅ። እናቴ ስኳር አለባት ወይ ብላም ጠየቀችኝ። የለባትም። የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፤ የቅርብ ጊዜ የደም ምርመራዋ ኮሌስትሮሏ ደህና መሆኑን አሳይቷል።

14ኛው ከዚህ ሁሉ ይልቅ የቆይታው ጉዳይ አስፈርቶታል። በሐምሌ ሙቀት መናፈሻ ውስጥ በተደገሰ ክርስትና ላይ የእንቁላል ሰላጣ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ጠረጴዛ ላይ ውሎ፣ ማታ ሰባት ሰው ሲያስመልስ እንዳደረ ተረከ። ማዮኔዙን ረገመ። 15ኛው በማዮኔዙ ላይ የፈረደውን አረመ። የሱቅ ማዮኔዝ የሚሠራው በሙቀት ከታከመ እንቁላል ነው፣ አሲድም ስላለው ለባክቴሪያ አይመችም። የሚበላሸው ተልጦ፣ በእጅ ተነክቶ፣ ተደፍጥጦ ሙቀት ላይ የቆየው እንቁላል ነው። ቤት ውስጥ በጥሬ አስኳል የሚመታው ማዮኔዝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ሊኖርበት ስለሚችል ለእርጉዝ፣ ለሕፃንና ለአረጋዊ አይሰጥም።

16ኛዋ እኔን ገሠጸችኝ፣ ይገባኛልም። እሑድ የተደባለቀ ሰላጣ ቅዳሜ ይበላል ወይ? ፍሪጅ ውስጥ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ቀን ነው። ከፍሪጅ ውጭ ሁለት ሰዓት፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ አንድ ሰዓት። መፍትሔም ሰጠችኝ። የተቀቀለ እንቁላል ከነቅርፊቱ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። ስለዚህ እሑድ ቀቅዬ ሳልልጥ ላስቀምጥ፣ የሚበላበትን ቀን ብቻ ልደባልቅ። ለአምስት ደቂቃ ሥራ ብዬ እናቴን አደጋ ላይ ጥያት እንደነበር ሳስብ ደነገጥኩ።

17ኛዋ ከእስራኤል ናት፣ መዋዕለ ሕፃናት ወጥ ቤት ትሠራለች። እሷ ዘንድ ማዮኔዝ የግድ አይደለም፤ ሽንኩርቱን በዘይት አብስላ ከእንቁላሉ ጋር ትደፈጥጠዋለች፣ ለሰንበትም እንዲሁ። ለሆድ ይቀላል አለች። 18ኛው ቁጥር አስታወሳት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጹሕ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፣ ውኃና አቼቶ ካለበት ማዮኔዝ ይበልጣል። እሷም ተቀበለች፤ ጣዕሙ ግን አይወዳደርም ብላ ጸናች። እኔ ሞክሬዋለሁ፣ እውነቷን ነው።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ እንቁላሉ ራሱ ሄደ። 19ኛው ከጀርመን፣ እዚያ ሱቅ ውስጥ እንቁላል ከፍሪጅ ውጭ ተደርድሮ ሲሸጥ አይቶ፣ አሜሪካ ለምን ፍሪጅ እንደሚገባ ጠየቀ። ከ7ኛው የወጥ ቤት ሰው መልስ አገኘ። አሜሪካ እንቁላሉ ይታጠባል፣ ያኔ በቅርፊቱ ላይ ያለው ስስ የተፈጥሮ ሽፋን ይነሣል፣ ስለዚህ ቅዝቃዜ ያስፈልገዋል። 20ኛዋ የሐበሻን እንቁላል ናፈቀች። ትንሽ ብትሆንም አስኳሏ ደማቅ፣ ጣዕሟም ልዩ ስለሆነ የፈረንጁ ውኃ ነው አለች። 21ኛው የአስኳል ቀለም ዶሮዋ ከምትለቅመው እንደሚመጣ፣ ድምቀቱ ብቻውን የበለጠ ገንቢ ለመሆኑ ማስረጃ እንደማይሆን ጻፈላት። ናፍቆት በማስረጃ አይታረምም፤ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። 22ኛው ስለ ዋጋ አማረረ። በ2025 መጀመሪያ የወፍ ጉንፋን ዶሮዎቹን ሲፈጅ ደርዘኑ ከ6 ዶላር ማለፉን ያልረሳ ሰው ነው።

23ኛው መልስ ከሁሉም የመረረ ነበር። በጾም ወራት ስለ እንቁላል ክር መክፈት ነውር መሆኑን፣ አሮጊት እናቴንም ከሃይማኖቷ እያስወጣሁ መሆኑን ጻፈ። አለቀስኩ። 24ኛዋ እኔን ቀድማ መለሰችለት። ጽሑፌን ሳያነብ እንደፈረደ፣ ረቡዕና ዓርብ እንደምንጾም በግልጽ እንደጻፍኩ አሳየችው፤ ቁጣዋን አልደበቀችም። ለታመመና ለደከመ ሰው የንስሐ አባት የሚያዩለት ነገር እንዳለም አስታወሰችው። እሱ አልተመለሰም።

25ኛዋ ክፉውን ወደ በጎ ለወጠችው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ያኔ እናቴ ምን ትበላ? የጾም ማዮኔዝ ተብሎ የሚሸጠው እንቁላል የለውም እንጂ ዘይቱ ያው ነው፣ ካሎሪውም ብዙ አያንስም። ችግሩ እንቁላሉን የሚተካው ነው። ሽምብራ በደንብ ቀቅላ፣ ልጣጩን አውልቃ፣ በሹካ ደፍጥጣ ያንኑ ሽንኩርትና ሰናፍጭ ታገባበታለች። እንቁላል ውስጥ የሌለው አሰር፣ ማለት ፋይበር የሚባለው፣ ሽምብራ ውስጥ ሞልቷል። አያቷ ጥርስ አልባ ናቸው፣ ይበሉታል።

26ኛው ከዚሁ ቀጠለ። እንቁላል ብዙ ነገር አለው፤ ቫይታሚን ሲ እና አሰር ግን ጭራሽ የለውም። ነጭ ዳቦና ማዮኔዝም አይጨምሩለትም። በእንቁላል ያለውን ብረት ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም፣ ቫይታሚን ሲ ግን ይረዳል። ቃሪያ በጣም አድቅቄ እንድከትፍበት፣ ካልሆነም ሎሚ እንድጨምቅበትና ቲማቲም ከጎኑ እንዳደርግ፣ ሻይና ቡናውን ከምግቡ ትንሽ እንዳርቀው መከረ። 27ኛዋ አስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት ስታይ ሁሌ እንደምትጥለው ጻፈች። 28ኛው አትጣይ አላት። ብዙ ሲቀቀል የአስኳሉ ብረትና የነጩ ድኝ ተገናኝተው የሚፈጥሩት ቀለም ነው፣ አይጎዳም፤ ከእሳት ሲወርድ ወዲያው በረዶ ውኃ ውስጥ መክተት ያስቀረዋል።

29ኛው የእኔ ነው። አሁን ሁለት ሳህን አለኝ። የእናቴ ሁለት እንቁላል፣ ሁለት ማንኪያ ሙሉ ማዮኔዝ፣ የተላጠ ቲማቲም ተደፍጥጦበት። የእኔ ሁለት እንቁላል፣ ግማሽ ማንኪያ ማዮኔዝ፣ ሁለት ማንኪያ እርጎ፣ ቃሪያ፤ ከ395 ወደ 220 ካሎሪ ገደማ ወርዷል። ምሳ ዕቃዬ ውስጥ በረዶ አደርጋለሁ። እናቴ ቲማቲሙን መጀመሪያ ጠረጠረችው፣ በሦስተኛው ቀን ራሷ ጠየቀችኝ። ባልደረባዬንም አመስግኛታለሁ፣ ባትናገር ኖሮ ማዮኔዙን አልለካውም ነበር።

30ኛው ገና ትናንት ማታ ገባ። አንድ ተማሪ ልጅ ነው። ክሩን ሁሉ አንብቦ ሰላጣውን ሊሠራ ቢሞክር፣ እንቁላሉ ሲላጥ ነጩ ከቅርፊቱ ጋር እየተቦጨቀ አስቸገረው። ዶሮዋ በቅርብ የጣለችው እንቁላል እንደዚያ ነው። ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ የቆየውን ውሰድ፣ ውኃው ከፈላ በኋላ ክተተው፣ ሲበስል በረዶ ውኃ ውስጥ አቆይተህ ከሰፊው ጫፍ ጀምረህ ላጥ ብዬዋለሁ። እስካሁን አልመለሰልኝም።